የባክቴሪያ ደጃፍና አሚኖ አሲድ፦ ስለ ማጓጓዣ ፕሮቲኖችና ስለ ጂኖቻቸው

ኤሼሪሺያ ኮላይ ኬ-12 የሚባለው የላቦራቶሪ ባክቴሪያ ግሉኮስና ጥቂት ማዕድናዊ ጨዎች ብቻ ባሉበት ውሃ ውስጥ ያለ ችግር ያድጋል። ለፕሮቲን ሥራ የሚያስፈልጉትን ሃያ አሚኖ አሲዶች ሁሉ ራሱ ይሠራቸዋል። ወደዚሁ ውሃ ቫሊን የተባለውን አሚኖ አሲድ ጥቂት ብንጨምርለት ግን እድገቱ ይቆማል። ነገሩ ግራ የሚያጋባ ነው። ቫሊን እንግዳ መርዝ አይደለም፤ ባክቴሪያው ራሱ ሁልጊዜ የሚሠራው፣ በፕሮቲኖቹም ውስጥ የሚገኝ ምግብ ነው። ከቫሊኑ ጋር አይሶሉሲን የተባለውን ሌላ አሚኖ አሲድ ብንጨምርለት ደግሞ እድገቱ ይመለሳል።

የእንቆቅልሹ ግማሽ መልስ በባክቴሪያው ውስጣዊ ኬሚስትሪ ይገኛል። ቫሊንና አይሶሉሲን በአብዛኛው የሚሠሩት በአንድ ዓይነት ኤንዛይሞች ነው። ቫሊን ሲበዛ ለሁለቱም የጋራ የሆነውን የመጀመሪያውን ኤንዛይም ሥራ ያስቆማል። በቫሊን የማይበገር ሌላ ተመሳሳይ ኤንዛይም መኖር ይችል ነበር፤ ኬ-12 ግን የዚህ ኤንዛይም ጂን በሚውቴሽን ተበላሽቶበታል። ስለዚህ ቫሊን ሲትረፈረፍ ባክቴሪያው አይሶሉሲን መሥራት ያቅተዋል፤ በጥጋብ መካከል ይራባል ማለት ነው። ሁለተኛው የመልሱ ግማሽ ይበልጥ ያስገርማል። በውጭ ያለው ቫሊን እጅግ ጥቂት ሆኖ ሳለ በውስጥ የሚገኘው ለዚህ ሁሉ ጥፋት የሚበቃው እንዴት ነው?

በፓሪስ የፓስተር ተቋም ይሠሩ የነበሩት ጆርጅ ኮኸንና ሃዋርድ ሪከንበርግ ይህን ጥያቄ በራዲዮአክቲቭ ካርቦን ምልክት በተደረገበት ቫሊን መረመሩት። እ.ኤ.አ. በ1956 ባወጡት ውጤት መሠረት ባክቴሪያው ቫሊንን በውስጡ የሚያከማቸው በውጭ ካለው በመቶዎች እጥፍ በሚበልጥ መጠን ነው። በዚያ ላይ የቫሊንን መግባት የሚሻሙት በቅርጽ የሚመስሉት ሉሲንና አይሶሉሲን ናቸው እንጂ ሁሉም አሚኖ አሲዶች አይደሉም። ይህ ማለት አሚኖ አሲድ ወደ ባክቴሪያ የሚገባው በአጋጣሚ ሰርጎ ሳይሆን መርጦ በሚቀበል፣ ጉልበትም በሚያወጣ አንድ ነገር አማካይነት ነው። በዚያው ዓመት ሁለቱ ተመራማሪዎች ከዣክ ሞኖና ከዤራር ቡታ ጋር ስለ ላክቶስ ባወጡት ጽሑፍ ለዚህ ዓይነቱ አስገቢ «ፐርሚየዝ» የሚል ስም ወጣለት። ስሙ ሲወጣ ግን ነገሩን ማንም በዓይኑ አላየውም ነበር። ፕሮቲን መሆኑ የሚገመት፣ በጂን የሚታዘዝ፣ በሥራው ብቻ የሚታወቅ ነገር ነበር። በዚህ ጽሑፍ ያ ስም እንዴት አካል እንዳገኘ እንከታተላለን።

አጥር፣ ግቢና ቤት

ኤሼሪሺያ ኮላይንና የቅርብ ዘመዱን ሳልሞኔላን በቤት ብንመስላቸው አንሳሳትም። ከውጭ አጥር አለ፤ ይህ ውጫዊው ሽፋን ነው። ከአጥሩ ቀጥሎ ጠባብ ግቢ ይገኛል፤ ፔሪፕላዝም ይባላል። ከግቢው በኋላ ቤቱን የሚዘጋው ግድግዳ፣ ማለትም ውስጣዊው ሽፋን ይመጣል። አጥሩ ክፍተቶች አሉት፤ ፖሪን የተባሉ ፕሮቲኖች የሠሯቸው ቀዳዳዎች እስከ 600 ዳልተን የሚመዝኑ ሞለኪውሎችን ያሳልፋሉ። ከአሚኖ አሲዶች ትንሹ ግላይሲን 75፣ ትልቁ ትሪፕቶፋን 204 ዳልተን ስለሚመዝኑ እስከ ግቢው ድረስ መግባት አይቸግራቸውም።

ችግሩ ያለው ከቤቱ ግድግዳ ዘንድ ነው። ውስጣዊው ሽፋን በዋናነት ከስብ የተሠራ ስስ ድርብ ንጣፍ ነው። አሚኖ አሲድ ደግሞ በተራ ውሃ ውስጥ በአንድ ጫፉ አዎንታዊ፣ በሌላው ጫፉ አሉታዊ የኤሌክትሪክ ቻርጅ ይይዛል። እንዲህ ያለ ሞለኪውል ውሃን ትቶ በስብ ውስጥ ማለፍ አይቀናውም። ስለዚህ ለእያንዳንዱ አሚኖ አሲድ፣ ወይም ለተመሳሳይ አሚኖ አሲዶች ቡድን፣ በግድግዳው ላይ በር ያስፈልጋል። በሩን የሚሠሩት ፕሮቲኖች ናቸው፤ ፕሮቲኖቹን የሚያዙት ጂኖች ናቸው። የኤሼሪሺያ ኮላይ ኬ-12 ሙሉ የዘር መረጃ እ.ኤ.አ. በ1997 ሲነበብ ወደ 4,300 የሚጠጉ ጂኖች የተገኙበት ሲሆን፣ ከአሥሩ አንዱ ገደማ የማጓጓዝ ሥራ ላይ የተሰማራ ነው።

ይህ ሁሉ ድካም ለምን አስፈለገ? አንባቢ እርሳስና ወረቀት ይዞ የሚከተለውን ስሌት ቢሠራ ነገሩ ግልጽ ይሆንለታል። የባክቴሪያውን ይዘት አንድ ማይክሮ ሜትር ኩብ ያህል እንውሰድ። በውጭ ያለው ውሃ ሂስቲዲን የተባለውን አሚኖ አሲድ በ10 ናኖሞላር መጠን ይዟል እንበል። የአቮጋድሮን ቁጥር ተጠቅመን ስናሰላ፣ ባክቴሪያውን በሚያህል የውሃ ጠብታ ውስጥ የሚገኙት የሂስቲዲን ሞለኪውሎች 6 ብቻ ናቸው። አንድ ባክቴሪያ ደግሞ ራሱን የሚመስል ሌላ ባክቴሪያ ለመሥራት ከሚያስፈልጉት 850 ሚሊዮን ያህል አሚኖ አሲዶች መካከል ወደ 15 ሚሊዮን የሚጠጉት ሂስቲዲኖች ናቸው። በአንድ ሰዓት አንድ ጊዜ ይከፈላል ብንል በየሰከንዱ ከ4,000 በላይ ሂስቲዲን ማግኘት አለበት። ስድስት ሞለኪውል ካለበት ጠብታ ተነሥቶ በሰከንድ አራት ሺህ መልቀም ቀላል ሥራ አይደለም።

ሂስቲዲንን ራሱ መሥራት ይችል የለም ወይ ሊባል ይችላል። ይችላል፤ ዋጋው ግን ከባድ ነው። ሂስቲዲን በአሥር የኬሚካል እርምጃዎች የሚሠራ ሲሆን፣ አንዱን ሞለኪውል ለመሥራት 41 ኤቲፒ ያህል እንደሚወጣበት እ.ኤ.አ. በ1971 ተሰልቷል። የተዘጋጀውን ከውጭ ማስገባት ግን ጥቂት ኤቲፒ ብቻ ይጠይቃል። ገበያ ላይ እህሉ እያለ እርሻ የሚቆፍር የለም።

ሁለት ዓይነት ጉልበት

ከትንሹ ክምችት ወደ ትልቁ ክምችት መግፋት ዳገት እንደ መውጣት ነው፤ ጉልበት ይጠይቃል። ባክቴሪያው ይህን ጉልበት ከየት ያመጣዋል? ለዚህ የተሰጡት መልሶች ለረጅም ጊዜ ሲያከራክሩ ቆይተዋል። ፒተር ሚቸል እ.ኤ.አ. በ1961 ባቀረበው ሐሳብ ባክቴሪያው በሚተነፍስበት ጊዜ የሃይድሮጅን አዮኖችን ወደ ውጭ እየገፋ በሽፋኑ ግራና ቀኝ የቻርጅና የክምችት ልዩነት እንደሚፈጥር ገለጸ። አዮኖቹ ተመልሰው ሲገቡ፣ ከላይ ወደ ታች የሚወርድ ውሃ ወፍጮ እንደሚያዞር ሁሉ፣ ሥራ ሊያሠሩ ይችላሉ። ሚቸል በዚህ ሐሳቡ እ.ኤ.አ. በ1978 የኖቤል ሽልማት ተቀብሏል። ታዲያ የአሚኖ አሲድ በሮች ሁሉ የሚከፈቱት በዚህ ነው ወይስ በቀጥታ በኤቲፒ?

ኤድዋርድ በርገር እ.ኤ.አ. በ1973 ያወጣው ሙከራ በእኛ አስተያየት ለማንኛውም የባዮሎጂ ተማሪ ሊነገር የሚገባው ነው። በተለመደው ባክቴሪያ ኤቲፒና የአዮኖቹ ልዩነት አንዱ ወደ ሌላው ስለሚመነዘሩ የትኛው እንደሠራ ለይቶ ማወቅ ያስቸግራል። መመንዘሪያው የኤቲፒ ሠሪ ኤንዛይም ነው። በርገር ይህ ኤንዛይም በሚውቴሽን የተበላሸበትን ባክቴሪያ ወሰደ። አሁን ሁለቱ ገንዘቦች ተለያዩ። ባክቴሪያዎቹን አስርቦ ዲ-ላክቴት የተባለውን ምግብ ሲሰጣቸው ይተነፍሳሉ፤ በሽፋኑ ላይ የአዮን ልዩነት ይፈጥራሉ፤ ከዚያ ኤቲፒ መሥራት ግን አይችሉም። በዚህ ሁኔታ ፕሮሊን የተባለው አሚኖ አሲድ ገባ፤ ግሉታሚን ግን አልገባም። በተቃራኒው ግሉኮስ ሰጥቶ የአዮኑን ልዩነት በሚያፈርስ ኬሚካል ሲያክማቸው ኤቲፒ ከግሉኮሱ ይሠራል፤ ልዩነቱ ግን የለም። አሁን ግሉታሚን ገባ፤ ፕሮሊን ውጭ ቀረ። በአንድ ባክቴሪያ ውስጥ በተለያየ ጉልበት የሚንቀሳቀሱ ሁለት ዓይነት በሮች መኖራቸው እንዲህ ተለየ።

ይህ ልዩነት ቀደም ሲል ከታየ ሌላ ልዩነት ጋር ገጠመ። ሊዮን ሄፔልና ባልደረባው እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ አጋማሽ ባክቴሪያዎችን ከወፍራም የስኳር ሙሙት አውጥተው በድንገት ቀዝቃዛ ውሃ ውስጥ ሲጨምሯቸው በግቢው፣ ማለትም በፔሪፕላዝሙ፣ የነበሩት ፕሮቲኖች ወደ ውጭ እንደሚፈሱ አግኝተው ነበር። ባክቴሪያው አይሞትም፤ ግቢው ብቻ ይራቆታል። ከዚህ በኋላ ግሉታሚንና ሂስቲዲን የመሳሰሉት በደንብ መግባት ያቆማሉ፤ ፕሮሊን ግን እንደ በፊቱ ይገባል። በኤቲፒ የሚሠሩት በሮች በግቢው ውስጥ አንድ ረዳት ፕሮቲን አላቸው፤ በአዮን የሚሠሩት የላቸውም ማለት ነው።

የሂስቲዲን በር

ከእነዚህ ሁሉ በሮች በጂን ደረጃ ቀድሞ በሚገባ የታወቀው የሳልሞኔላ ታይፊሙሪየም የሂስቲዲን በር ነው። ሥራውን ከ1960ዎቹ መጀመሪያ ጀምራ ለአሥርት ዓመታት የመራችው ጆቫና አሜስ ናት። (የባለቤቷ የብሩስ አሜስ ስም ኬሚካሎች ሚውቴሽን ማምጣት አለማምጣታቸውን ለመለየት በሚያገለግለው የአሜስ ምርመራ ይታወቃል፤ ያም ምርመራ የሚሠራው ሂስቲዲን መሥራት ባቃታቸው ሳልሞኔላዎች ነው።)

አንድን በር ሳያዩ እንዴት ያጠኑታል? መልሱ በሩ ሲበላሽ ወይም ከልክ በላይ ሲከፈት የሚደርሰውን በማየት ነው። አሜስ ሂስቲዲን መሥራት የማይችሉ ሳልሞኔላዎችን ወሰደች። እነዚህ ሂስቲዲን ካልተሰጣቸው አያድጉም። በተለመደው ኤል-ሂስቲዲን ፋንታ የመስታወት ምስሉን ዲ-ሂስቲዲንን ሰጠቻቸው። ባክቴሪያው ዲ-ሂስቲዲን ከገባለት ወደ ኤል ሊለውጠው ይችላል፤ በሩ ግን ይህን ሞለኪውል በጣም በዝግታ ስለሚያስገባ ባክቴሪያዎቹ አላደጉም። ከብዙ ሚሊዮኖች መካከል ግን አልፎ አልፎ አንዳንድ የሚያድጉ ተገኙ። ሲመረመሩ በግቢያቸው ውስጥ ሂስቲዲንን የሚይዘው ፕሮቲን ከተለመደው በአምስት እጥፍ ያህል በዝቷል። ይህ ፕሮቲን ሂስ-ጄ ተባለ።

ቀጥሎ በዲ-ሂስቲዲን ማደግ ከቻሉት መካከል ይህን ችሎታ እንደገና ያጡትን ፈለገች። ከፊሎቹ ሂስ-ጄን አጥተዋል፤ ይህ የሚጠበቅ ነው። ሌሎቹ ግን ሂስ-ጄ ምንም ሳይጎድልባቸው ሂስቲዲን ማስገባት አልቻሉም። ስለዚህ ሌላ አስፈላጊ ነገር አለ፤ ጂኑም ሂስ-ፒ ተባለ። ይህ ውጤት የወጣው እ.ኤ.አ. በ1970 ሲሆን፣ ዲኤንኤን ፊደል በፊደል ማንበብ ገና ባልተቻለበት ዘመን ማሳደጊያ ሳህንን በማየትና በማሰብ ብቻ የተገኘ መሆኑን አንባቢ ልብ ይበል።

ከስድስት ዓመት በኋላ ደግሞ ከሁሉ የሚያምረው ማስረጃ መጣ። ሂስ-ጄ የተለወጠበት አንድ ባክቴሪያ ነበር። የተለወጠው ፕሮቲን ሂስቲዲንን እንደ ጤነኛው አጥብቆ ይይዛል፤ ሂስቲዲኑ ግን ወደ ቤት አይገባም። እንግዳውን በእጁ ይዞ በሩን የማያንኳኳ አስተናጋጅ ይመስል ነበር። ከዚህ ባክቴሪያ ልጆች መካከል ሂስቲዲን ማስገባት መልሰው የቻሉ ሲገኙ ሚውቴሽኑ የደረሰው በሂስ-ጄ ሳይሆን በሂስ-ፒ ጂን ላይ ሆኖ ተገኘ። የተጣመመን ቁልፍ ቁልፉን በመጠገን ሳይሆን ጓጉንቸሩን በማጣመም እንደ ማስተካከል ነው። ሂስ-ጄ ከበሩ አካላት ጋር ተነካክቶ እንደሚሠራ ከዚህ ታወቀ።

እ.ኤ.አ. በ1982 ክሪስቶፈር ሂጊንስ፣ አሜስና ባልደረቦቻቸው የዚህን ቦታ ሙሉ የዲኤንኤ ቅደም ተከተል አነበቡ። ሂስ-ጄ፣ ሂስ-ኪው፣ ሂስ-ኤምና ሂስ-ፒ የተባሉ አራት ጂኖች ተከታትለው ተሰልፈዋል። በአንድ ትእዛዝ አብረው የሚነበቡ በመሆናቸው ኦፐሮን ይባላሉ። ከእነርሱ ቀደም ብሎ አርግ-ቲ የሚባል ጂን ይገኛል። ይህኛው ሂስ-ጄን የሚመስል፣ ነገር ግን ሊሲንን፣ አርጂኒንንና ኦርኒቲንን የሚይዝ የግቢ ፕሮቲን ይሠራል። ለብቻው በር የለውም፤ የያዘውን የሚያደርሰው ወደዚያው የሂስቲዲን በር ነው። አንድ ጥንታዊ ጂን ተባዝቶ ሁለት ከሆነ በኋላ ሁለቱ ቅጂዎች በየፊናቸው እንደተለወጡ መገመት አያስቸግርም። ናይትሮጅን ሲያጥር ደግሞ ባክቴሪያው እነዚህን ጂኖች፣ በተለይ አርግ-ቲን፣ አብዝቶ ያነባል፤ አሚኖ አሲድ የናይትሮጅን ምንጭም ነውና።

የበሩን አሠራር ዛሬ በሚታወቀው መሠረት እንግለጸው። ሂስ-ጄ 238 አሚኖ አሲዶች ያሉት፣ በመካከሉ ገደል ያለው፣ ሁለት ጉንጭ የሚመስሉ ክፍሎች ያሉት ፕሮቲን ነው። በግቢው ውስጥ እየተንሳፈፈ ሂስቲዲን ሲያገኝ ጉንጮቹ ይገጥማሉ፤ ሞለኪውሉም ከመካከላቸው ይያዛል። በናኖሞላር የሚለካ ጥቂት ሂስቲዲን እንኳ አያመልጠውም። የገጠመው ሂስ-ጄ ወደ ውስጣዊው ሽፋን ሄዶ ሂስ-ኪውና ሂስ-ኤም ከሠሩት መተላለፊያ ላይ ያርፋል። ከመተላለፊያው ሥር፣ በቤቱ ውስጥ በኩል፣ ሁለት ሂስ-ፒዎች ተጣምረው ይጠብቃሉ። ሂስ-ጄ ማረፉ ለእነርሱ ምልክት ነው። ኤቲፒን ይዘው ይጠጋጋሉ፤ ኤቲፒው ሲሰነጠቅ ይለያያሉ፤ በዚህ እንቅስቃሴ መተላለፊያው በውጭ ተዘግቶ በውስጥ ይከፈታል፤ ሂስቲዲኑም ይገባል። ይህን ኤቲፒ ያስኬደዋል የሚለው ነገር የተረጋገጠው እ.ኤ.አ. በ1989 ሲሆን፣ ተመራማሪዎቹ የበሩን ፕሮቲኖች ከባክቴሪያው አውጥተው ሰው ሠራሽ በሆኑ የስብ ከረጢቶች ላይ ከተከሏቸው በኋላ ነው። ሂስቲዲን ወደ ከረጢቶቹ ሲገባ ኤቲፒም አብሮ ተሰነጠቀ። የሂስ-ፒ ቅርጽ ደግሞ በኤክስሬይ ክሪስታሎግራፊ እ.ኤ.አ. በ1998 ታወቀ።

ዘመዶቹ

የሂስ-ፒ 258 አሚኖ አሲዶች ቅደም ተከተል እንደታወቀ አንድ ያልታሰበ ነገር ተከተለ። ማልቶስ የተባለውን ስኳር ወደ ኤሼሪሺያ ኮላይ ከሚያስገቡት ፕሮቲኖች አንዱ የሆነው ማል-ኬ ከሂስ-ፒ ጋር በእጅጉ ይመሳሰል ነበር። ስኳርና አሚኖ አሲድ በኬሚስትሪ የማይገናኙ ነገሮች ናቸው፤ በራቸውን የሚገፋው ሞተር ግን አንድ ነው። ከዚያ በኋላ ተመሳሳዮቹ በዙ። ቡድኑ ኤቲፒን ከሚይዘው የጋራ ክፍላቸው ተነሥቶ የኤቢሲ ማጓጓዣዎች የሚል ስም ተሰጠው።

እ.ኤ.አ. በ1986 ደግሞ ነገሩ ከባክቴሪያ ዓለም ወጣ። ለካንሰር በሚሰጡ ልዩ ልዩ መድኃኒቶች የማይበገሩ የካንሰር ሕዋሳት በሽፋናቸው ላይ አንድ ፕሮቲን አብዝተው ይገኙ ነበር፤ መድኃኒቱ ገብቶ ሳይሠራ ተመልሶ ይወጣል። የዚህ ፕሮቲን ጂን ሲነበብ የተገኘው ቅደም ተከተል የሂስ-ፒን ክፍል ሁለት ጊዜ ደግሞ የያዘ ነበር። የሳልሞኔላን አመጋገብ ለማወቅ የተደከመበት ጂን በካንሰር ሕክምና ላይ ለተደቀነ ችግር ማብራሪያ ሆነ። «ይህ ምን ይጠቅማል?» ተብሎ ለሚጠየቅ የመሠረታዊ ሳይንስ ተማሪ ከዚህ የተሻለ መልስ የለንም።

በአዮን የሚሠሩት በሮችም ዘመድ አላጡም። እነዚህ ብዙውን ጊዜ ከአንድ ጂን የሚሠሩ ነጠላ ፕሮቲኖች ናቸው፤ የፕሮሊኑ ፑት-ፒ ሶዲየምን ይዞ ከሶዲየሙ ጋር ፕሮሊንን ያስገባል። አኩዊፌክስ ኤኦሊከስ በተባለው፣ 95 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በሚደርስ ሙቀት በሚኖር ባክቴሪያ ውስጥ ሉ-ቲ የተባለ ተመሳሳይ ፕሮቲን አለ። የኤሪክ ጉዎ የምርምር ቡድን እ.ኤ.አ. በ2005 የዚህን ፕሮቲን ቅርጽ እስከ አተሞቹ ድረስ አሳየ፤ አንድ ሉሲንና ሁለት የሶዲየም አዮኖች በመካከሉ ተይዘው ይታያሉ። በሰው አንጎል ውስጥ ሴሮቶኒንንና ዶፓሚንን ከነርቭ መገናኛዎች መልሰው የሚለቅሙት ፕሮቲኖች የዚሁ ቤተሰብ አባላት ናቸው፤ የድብርት መድኃኒቶች የሚሠሩት በእነርሱ ላይ ነው። በነርቭ ጥናት ሲፈለግ የነበረው ንድፍ በመጀመሪያ የተገኘው ከፈላ ውሃ ባክቴሪያ ነበር።

በሩን መቼ መክፈት?

በር መሥራት ራሱ ፕሮቲን ስለሚያስወጣ የሚሠራው ሲያስፈልግ ነው። በኤሼሪሺያ ኮላይ ሉሲንን፣ አይሶሉሲንንና ቫሊንን የሚያስገባው የሊቭ በር ጂኖች የሚታዘዙት ኤልአርፒ በተባለ ዲኤንኤ ላይ በሚያርፍ ፕሮቲን ነው። ሉሲን ሲትረፈረፍ የእነዚህ ጂኖች ንባብ ይቀንሳል።

ከዚህ የሚረቀው የሊሲን ጉዳይ ነው። ባክቴሪያው አሲድ ወደበዛበት ቦታ፣ ለምሳሌ ወደ ሆድ ዕቃ፣ ሲገባ ካድ-ቢና ካድ-ኤ የተባሉ ጂኖችን ያስነብባል። ካድ-ቢ ሊሲንን ያስገባል፤ ካድ-ኤ ሊሲኑን አንድ የሃይድሮጅን አዮን አስውጦ ካዳቨሪን ወደተባለ ነገር ይለውጠዋል፤ ካድ-ቢ ካዳቨሪኑን ወደ ውጭ ጥሎ በምትኩ ሌላ ሊሲን ያስገባል። በእያንዳንዱ ዙር አንድ አዮን ከውስጥ ይቀነሳል፤ አሲዱ ይለዝባል። ሊሲን በሌለበት ይህን ማሽን መሥራት ግን ከንቱ ነው። ታዲያ ባክቴሪያው ሊሲን በውጭ መኖሩን በምን ያውቃል? ሊስ-ፒ በተባለው የተለመደው የሊሲን በር ነው። ሊሲን ሳይኖር ሊስ-ፒ የጂኖቹን ቀስቃሽ ካድ-ሲን ይዞ ያግደዋል፤ ሊሲን ሲመጣ ይለቀዋል። በሩ ዘበኛም ሆኖ ያገለግላል።

በግሉታሜት የሚሠራ ተመሳሳይ ማሽንም አለ። ጋድ-ሲ የተባለው በር ግሉታሜትን አስገብቶ ከእርሱ የተሠራውን ጋባን ያስወጣል። ኤሼሪሺያ ኮላይ ፒኤች 2 አካባቢ በሆነ አሲድ ውስጥ ለሰዓታት የሚቆየው በአመዛኙ በዚህ ሥርዓት ነው።

ወደ ውጭም ይወጣል

አሚኖ አሲድ መግባት ብቻ ሳይሆን መውጣትም አለበት የሚለው ሐሳብ ለረጅም ጊዜ እንደ ቧልት ይታይ ነበር። እንዲያ ያለ ምግብ ማን ይጥላል? የኮሪኔባክቴሪየም ግሉታሚከም የሊሲን አስወጪ ሊስ-ኢ እ.ኤ.አ. በ1996 ሲታወቅ መልሱ ታየ። ባክቴሪያው ሊሲን ያለበትን አጭር የፕሮቲን ቁራጭ ሲመገብ በውስጡ ሊሲን ይለቀቃል፤ ይህ ባክቴሪያ ደግሞ ሊሲንን አፍርሶ የሚጠቀምበት መንገድ የለውም። ሊስ-ኢ የጠፋበት ባክቴሪያ በዚህ ጊዜ በውስጡ ከአንድ ሞላር በላይ የሆነ ሊሲን አከማችቶ እድገቱን ያቆማል። ሊስ-ኢ እንደ ግድብ ማስተንፈሻ ነው። ዛሬ ለእንስሳት መኖ የሚውለው ሊሲን በዓመት ከአንድ ሚሊዮን ቶን በላይ የሚመረተው በዚህና በመሰል ባክቴሪያዎች ሲሆን፣ የአስወጪው አቅም የምርቱን መጠን ከሚወስኑት ነገሮች አንዱ ነው።

ከቤታችንም አንድ ምሳሌ እንጥቀስ። በወይራ በታጠነ ዕቃ ወተት ሲረጋ እርጎውን ከሚሠሩት ባክቴሪያዎች መካከል ላክቶኮከስ ላክቲስ ይገኝበታል። ይህ ባክቴሪያ ብዙ አሚኖ አሲዶችን ራሱ መሥራት አይችልም፤ በወተት ውስጥ ደግሞ ነጻ አሚኖ አሲድ ጥቂት ነው። ያለው ኬዚን የተባለው ትልቅ ፕሮቲን ነው። ላክቶኮከስ በሰውነቱ ላይ በተተከለ ኤንዛይም ኬዚኑን ይቆራርጥና ቁራጮቹን ኦፕ በተባለ በር ያስገባቸዋል፤ ይህም የኤቢሲ ቤተሰብ አባል ነው። የቆራጩ ኤንዛይም ጂን የሚገኘው ብዙውን ጊዜ በዋናው ክሮሞሶም ላይ ሳይሆን ፕላዝሚድ በሚባል ትንሽ ቀለበት ላይ ነው። ቀለበቱ በተደጋጋሚ ማሳደግ ጊዜ ሊጠፋ ይችላል። ያጣው ባክቴሪያ ወተት ውስጥ በዝግታ ያድጋል፤ ወተቱም ቶሎ አይረጋም።

መድኃኒት የሚያስገባ በር

የምግብ በር የመድኃኒት በርም ሊሆን ይችላል። ሳይክሎሰሪን መድኃኒት የለመደ የሳንባ ነቀርሳን ለማከም የሚሰጥ መድኃኒት ሲሆን፣ አገራችን በሽታው ከሚበዛባቸው አገሮች አንዷ በመሆኗ ስሙ ለጤና ሠራተኞቻችን እንግዳ አይደለም። ቅርጹ ዲ-አላኒን የተባለውን አሚኖ አሲድ ይመስላል። ባክቴሪያዎች ዲ-አላኒንን የሕዋስ ግድግዳቸውን ለማያያዝ ይጠቀሙበታል፤ ሳይክሎሰሪን በቦታው ገብቶ ሥራውን የሚሠሩትን ሁለት ኤንዛይሞች ያግዳል። ነገር ግን ኤንዛይሞቹ የሚገኙት በሽፋኑ ውስጥ ነውና መድኃኒቱ በመጀመሪያ መግባት አለበት። በኤሼሪሺያ ኮላይ የሚያስገባው ሳይክ-ኤ የሚባለው በር ነው፤ መደበኛ ሥራው ግላይሲንን፣ ዲ-አላኒንንና ዲ-ሰሪንን ማስገባት ነው። በሩ የሚያየው ቅርጽን እንጂ ዓላማን አይደለም።

ቀላል በሆነ የማሳደጊያ ሙሙት ውስጥ ሳይክሎሰሪን ጨምረን ኤሼሪሺያ ኮላይን ብንዘራ ከሚተርፉት መካከል የሳይክ-ኤ ጂን የተበላሸባቸው ይገኛሉ። በሩን በመድፈን ከመድኃኒቱ አምልጠዋል። እነዚሁን ባክቴሪያዎች ወስደን ዲ-አላኒን ብቻ ምግባቸው ወደሆነበት ሳህን ብናዛውራቸው ግን አያድጉም።